ከባግዳድ የተሰደደው ነጋዴ፦ የዳዊድ ሳሶን ሕይወት

ሳሶን በዕብራይስጥ ደስታ ማለት ነው። እዚህ አገር ስሙን ያልሰማ የለም። አብረውን የተማሩ ልጆችም፣ በሥራ ቦታ የምናውቃቸው ሰዎችም ይጠሩበታል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኮዴክስ ሳሶን የተባለው ጥንታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ ወደ ቴል አቪቭ በመምጣቱ ስሙ በዜና ተደጋግሞ ተነሣ። ታዲያ ይህ ሳሶን ማን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ከባግዳድ ተነሥቶ ሕንድን፣ ቻይናንና እንግሊዝን የሚያዞር ረጅም ታሪክ ሆኖ አገኘነው።

በዘንድሮው እትማችን የዚያን ቤተሰብ አባት፣ የዳዊድ ሳሶንን ሕይወት እናቀርባለን። የመረጥነው ሀብታም ስለነበረ ብቻ አይደለም። አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው ነው። በማያውቀው አገር ቋንቋ ለምዶ፣ ሃይማኖቱን ጠብቆ፣ ልጆቹን አሳድጎ ትልቅ ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህን የሚሰማ ወላጅ ሁሉ የኔም ልጅ እንደሱ በሆነ ይላል። ግን ሀብቱ ከየት እንደመጣ ስናነብ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሁለቱንም ሳንደብቅ እንጽፋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እዚህ እንደምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ስደቱ

ዳዊድ የተወለደው በ1792 በባግዳድ ነው። ከተማዋ ያኔ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ሥር ነበረች። አይሁድ በዚያ አገር ከባቢሎን ምርኮ ዘመን ጀምሮ ኖረዋል። አባቱ ሳሌሕ ሳሶን የባግዳድ ፓሻዎች ዋና ገንዘብ ያዥ ነበር። በማህበረሰቡም ዘንድ ናሲ ተብሎ ይከበር ነበር፤ በእኛ አነጋገር የሕዝቡ ሽማግሌና በመንግሥት ፊት ቃል አቀባይ ማለት ነው። ልጁ ዳዊድም ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ ቱርክኛና ፋርስኛ እየተማረ የአባቱን ቦታ ለመውረስ አደገ።

ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ዳውድ ፓሻ የሚባል ገዢ ሥልጣን ሲይዝ በሀብታም አይሁድ ላይ መከራ አመጣ። ገንዘብ ይጠይቃል፣ ያስራል፣ ያስፈራራል። ዳዊድም ተይዞ ታሰረ። አባቱ እንደምንም አስፈታውና በጀልባ ወንዙን ተከትሎ ወደ ባስራ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ቡሸር ወደምትባል የፋርስ ወደብ አመለጠ። ሲሸሽ በልብሱ ውስጥ ዕንቁ ሰፍቶ ነበር ይባላል። ሌላው ንብረት ሁሉ ከኋላ ቀረ። አባቱም ተከትሎት መጣና በ1830 እዚያው በስደት አረፈ።

ይህን ክፍል የኛ ወላጆች ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። በአንድ ሌሊት ቤትን ጥሎ መውጣት፣ አባትን በመንገድ መቅበር፣ በማያውቁት አገር ከዜሮ መጀመር ለነሱ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ነገር አይደለም።

ቦምቤይ ሲደርስ

በ1832 ዳዊድ ቤተሰቡን ይዞ ቦምቤይ ገባ፤ ዛሬ ሙምባይ የምትባለው ናት። ዕድሜው 40 ደርሶ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሐና በ1826 ስለሞተች ፋርሓ የምትባል ሴት አግብቷል። ከሁለቱ ሚስቶቹ በጠቅላላ 14 ልጆች አፍርቷል፣ ስምንቱ ወንዶች ናቸው።

ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ የመጣበት ጊዜ ለነጋዴ የተመቸ ነበር። ሕንድን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዞቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከቻይና ጋር የመነገድን መብት ለብቻው ይዞ ኖሯል። በ1833 በወጣ ሕግ ያ መብት ቀረና ንግዱ ለሌሎችም ተከፈተ። ዳዊድ በቦታው ነበር።

ሥራውን የጀመረው በሚያውቀው ነገር ነው። ከባግዳድ፣ ከባስራና ከፋርስ የሚመጡትን ነጋዴዎች ቋንቋ ያውቃል፣ ልማዳቸውንም ያውቃል። እነሱ ያመጡትን ይገዛል፣ በምትኩ ከእንግሊዝ አገር ከላንካሻየር ፋብሪካዎች የመጣውን የጥጥ ጨርቅ ይሸጥላቸዋል። የሕንድ ጥሬ ጥጥ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ይሄዳል። እስቲ ይህን ልብ እንበል። ጥጡ በሕንድ ይበቅላል፣ በእንግሊዝ ይሸመናል፣ ተመልሶ ለሕንድ ገበሬ ይሸጣል። ከሁሉ በፊት ግሩም ጨርቅ ይሠሩ የነበሩ የሕንድ ሸማኔዎች በዚህ ምክንያት ሥራቸውን አጡ። በሌላ በኩል መሐል ሆኖ የሚያገናኘው ነጋዴ አተረፈ።

የንግድ ቤቱ ደብዳቤዎች የሚጻፉት በዐረብኛ ቋንቋ፣ ግን በዕብራይስጥ ፊደል ነበር። የባግዳድ አይሁድ እንደዚያ ይጽፉ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢያገኘው በቀላሉ አያነበውም። በ1853 ዳዊድ የእንግሊዝ ዜግነት ሲቀበል እንኳ ፊርማውን በዕብራይስጥ ፊደል ነው ያስቀመጠው። ልብሱንም አልቀየረም፤ እስኪሞት ድረስ ጥምጣምና የባግዳድ ቀሚስ ይለብስ ነበር። ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። መርከብ ቢመጣም ባይመጣም ሰንበት ሰንበት ነው።

ኦፒየም

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንመጣለን።

እንግሊዞች ሻይ ለመዱ። ከሀብታሙ ጀምሮ እስከ ፋብሪካ ሠራተኛው ድረስ ያለ ሻይ መዋል ቀረ። ሻዩ ግን ያኔ የሚገኘው ከቻይና ነው፣ ቻይናዎች ደግሞ ከእንግሊዝ ዕቃ ብዙም አይፈልጉም ነበር፤ የሚፈልጉት ብር ነው። የእንግሊዝ ብር ወደ ቻይና ፈሰሰ። ይህን ለማስቆም የተገኘው መላ ኦፒየም ሆነ። ኦፒየም ከአበባ የሚወጣ፣ የሚያሰክርና ክፉ ሱስ የሚያስይዝ ነገር ነው። በሕንድ ይመረታል፣ በሳጥን ታሽጎ በመርከብ ወደ ቻይና ይሄዳል። አንዱ ሳጥን 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በቻይና በብር ይሸጣል፣ በዚያ ብር ሻይና ሐር ይገዛል፣ ሻዩ ለንደን ይደርሳል። በመካከለኛው ሕንድ የሚመረተው ማልዋ የተባለው ኦፒየም የሚወጣው ደግሞ በቦምቤይ ወደብ በኩል ነበር።

የቻይና መንግሥት ኦፒየምን ከልክሎ ነበር። በ1839 ሊን ዜሹ የተባለ ባለሥልጣን ከ20,000 በላይ ሳጥን ኦፒየም ከነጋዴዎች ወስዶ አጠፋ። እንግሊዝ በጦር መርከብ መለሰችለት። ቻይና ተሸነፈች። በ1842 በናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ለእንግሊዝ ሰጠች፣ ሻንጋይን ጨምሮ አምስት ወደቦችም ለውጭ ንግድ ተከፈቱ። ሁለተኛው ጦርነት ከ1856 እስከ 1860 ከተካሄደ ወዲህ ኦፒየም ቀረጥ ተከፍሎበት በግልጽ ይገባ ጀመር።

የሳሶን ቤት ያደገው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ዳዊድ ከናንኪንግ ውል በኋላ ወዲያው በ1844 ሁለተኛ ልጁን ኤልያስን ወደ ቻይና ላከው። ብቸኛው የኦፒየም ነጋዴ አልነበረም እኮ፤ እንግሊዞችም፣ የሕንድ ፓርሲዎችም፣ ሌሎችም ይነግዱ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሥራው የተፈቀደ ነበር። ይህን ሁሉ ብለን ግን አንድ እውነት ይቀራል። በቻይና ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው በሱስ ተያዘ፣ ቤቱን ሸጠ፣ ልጆቹን አስራበ። ይህ ደግሞ ተደብቆ የቀረ ነገር አልነበረም፤ የቻይና ሹማምንት ይጮሁ ነበር፣ በእንግሊዝ ውስጥም የሚቃወሙ ነበሩ። ዳዊድ አዋቂና የተማረ ሰው ነበር። አያውቅም ነበር ማለት አንችልም።

ሱስ ቤት ሲያፈርስ ምን እንደሚመስል በየሰፈራችን ያየን ሰዎች ስለሆንን ይህን አንቀጽ በፍጥነት ማለፍ አልፈለግንም።

ልጆቹን የላከበት ዘዴ

ዳዊድ ንግዱን ያሰፋው በልጆቹ ነው። አንዱን ልጅ ሆንግ ኮንግ፣ አንዱን ሻንጋይ፣ አንዱን ካልካታ ይልካል፤ ጥቂት ዓመት ሠርተው ይመለሳሉ፣ ሌላው ይተካል። በ1858 ሦስተኛው ልጁ ሳሶን ዳዊድ ለንደን ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። በየቅርንጫፉ የሚቀጠሩት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ከባግዳድ የመጡ ወጣት አይሁድ ነበሩ። ለነሱም ትምህርት ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ የመቃብር ቦታም ጭምር ይዘጋጅ ነበር። ከንግዱ ገቢ ለጽዳቃ ድርሻ ይመደብ ነበር።

ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የአሜሪካ ጥጥ ወደ እንግሊዝ መሄዱን አቆመ። የላንካሻየር ፋብሪካዎች ወደ ሕንድ ጥጥ ዞሩ፣ የቦምቤይ ነጋዴዎችም እጅግ ከበሩ። የሳሶን ቤትም በዚህ ብዙ አተረፈ።

ያሠራቸው ነገሮች

ዳዊድ ገንዘቡን ለራሱ ብቻ አላስቀረም። በቦምቤይ ባይኩላ በሚባለው ሰፈር ማጌን ዳዊድ የተባለውን ትልቅ ቤት ክኔሴት አሠራ። በፑና ከተማ ደግሞ ኦሄል ዳዊድ የተባለውን በቀይ ጡብ አስጀመረ፤ የአገሩ ሰዎች ቀዩ ቤተ መቅደስ ይሉታል። ለአይሁድ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ።

ለአይሁድ ብቻም አልነበረም። ወንጀል የሠሩ ልጆች ከትልልቅ እስረኞች ጋር እንዳይታሰሩ፣ ይልቁንም የእጅ ሥራ ተምረው እንዲወጡ የሚያደርግ ተቋም በገንዘቡ ቆመ። በቦምቤይ ስሙን የያዘ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሕንፃው በ1870 ያለቀ ሲሆን ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። በፑና ሃይማኖትና ዘር ሳይለይ ድሃውን ሁሉ የሚያክም ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠ። ሆስፒታሉ በ1867 ተከፈተ፣ ዛሬም ሳሶን ሆስፒታል እየተባለ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያክማል። በ1924 ማህተመ ጋንዲ የእንግሊዞች እስረኛ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት በዚሁ ሆስፒታል ነው።

ዳዊድ ሳሶን በኖቬምበር 1864 በፑና አረፈ፣ በኦሄል ዳዊድ ግቢ ተቀበረ። ከሞተ ሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ከቦምቤይ ወደብ የጄኔራል ናፒየር ጦር በመርከብ ተጭኖ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ዘመተ። ሻይና ጥጥ ያጓጉዝ የነበረው ባሕር ጦርም ያጓጉዝ ነበር።

የመቃብሩ ግንብ

ስለ ቦምቤይ ስናነብ ከሁሉ በላይ የነካን አንድ ነገር አለ። የባግዳድ አይሁድ ከመምጣታቸው በፊት በዚያ አገር ሌሎች አይሁድ ነበሩ፣ ቤኔ እስራኤል ይባላሉ። በምዕራብ ሕንድ ባሕር ዳርቻ ባሉ መንደሮች ለብዙ መቶ ዓመታት ከሌላው የአይሁድ ዓለም ተለይተው ኖረዋል። ሥራቸው ዘይት መጭመቅ ነበር፤ ቅዳሜ ስለማይሠሩ ጎረቤቶቻቸው የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች ይሏቸው ነበር። ሰንበትን በመጠበቃቸው ታወቁ ማለት ነው። እንደኛ አያቶች።

የባግዳድ ሰዎች መጀመሪያ ሲመጡ የራሳቸው ጸሎት ቤት ስላልነበራቸው በቤኔ እስራኤል ቤት ክኔሴት ይጸልዩ ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸውን ለዩ። በዳዊድ ሳሶን ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ በጋራ መቃብሩ መካከል ግንብ እንዲቆም መንግሥትን ጠየቁ። የቤኔ እስራኤል አይሁድነት ያጠራጥራል የሚለው ወሬ እየጠነከረ ሄደ፣ ጋብቻም ተከለከለ። ያ ጥርጣሬ እስከ እስራኤል ድረስ ተከትሏቸው መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሊጋቡ ሲሉ የዘር ማጣሪያ ተጠየቁ፣ ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ፣ በ1964 ክኔሴት በሁሉም ነገር አይሁድ ናቸው ብሎ እስኪወስን ድረስ ታገሉ። በ1985 የኛ ወላጆች በዋናው ራቢነት ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ሌላ ሰው ከነሱ በፊት በዚያ መንገድ ሄዶበት ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑልን ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የተወለዱት በባግዳድ ነው። ስለዚህ የባግዳድ አይሁድ እንዲህ ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። ለኛ የሚበጀው አንድ ነገር ነው፤ እኛም ነገ ሌላ ሲመጣ ግንብ እንዳንሠራ።

ከሱ በኋላ የቀረው

ልጆቹ ንግዱን አስፋፉት። ትልቁ ልጅ ዐብደላህ፣ አልበርት እየተባለ፣ በ1875 በቦምቤይ የሳሶን ዶክን አሠራ፤ ዛሬ ታላቅ የዓሣ ገበያ ነው። ኤልያስ በ1867 ተለይቶ የራሱን ድርጅት መሠረተ። የኦፒየሙ ንግድም ቀጠለ፣ ከዳዊድ ሞት በኋላ እንዲያውም ባሰ። እንግሊዝና ቻይና ኦፒየሙን ደረጃ በደረጃ ለማስቆም የተስማሙት በ1907 ነው። ቤተሰቡም ወደ ለንደን ዞረ፣ የእንግሊዝ ማዕረግ ተቀበለ፣ ብዙዎቹም በሁለት ትውልድ ውስጥ የአያታቸውን ቋንቋ ረሱ። የልጅ ልጁ ልጅ ሲግፍሪድ ሳሶን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታወቀ የእንግሊዝኛ ገጣሚ ሆነ።

የሴቶቹንም ስም ማንሣት አለብን። ፍሎራ ሳሶን የዳዊድ ልጅ የሰሎሞን ሚስት ነበረች። ባሏ በ1894 ሲሞት የቦምቤዩን ንግድ ራሷ ይዛ መራች፤ ያኔ ሴት እንዲህ ያለ ሥራ ስትመራ ማየት የተለመደ አልነበረም። ኦሪትን በደንብ የምታውቅ ሴት ነበረች። ልጇ ዳዊድ ሰሎሞን ሳሶን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር። ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ኮዴክስ በ1929 የገዛው እሱ ነው፣ ስሙም ከሱ የመጣ ነው። በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ 38.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ በስጦታ ለአኑ ሙዚየም ተሰጠ።

በሻንጋይ የኤልያስ የልጅ ልጅ ቪክቶር ሳሶን በ1929 የታወቀውን ካታይ ሆቴል ሠራ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከናዚዎች የሸሹ 20,000 ያህል አይሁድ ሻንጋይ ሲደርሱ፣ ቪክቶር ከሕንፃዎቹ አንዱን ለመቀበያ ሰጠ። በኦፒየም ዘመን የተከፈተው ወደብ የሰው ሕይወት ማትረፊያ ሆነ። ይህ የፊተኛውን አይሰርዘውም፣ የፊተኛውም ይህን አይሰርዘውም።

እዚህ አገርም ያ ንግድ ምልክቱን ትቷል። ኤሊ ካዱሪ ከባግዳድ ወደ ሆንግ ኮንግ የሄደው ለሳሶን ድርጅት ጸሐፊ ሆኖ ነው። ወንድሙ ኤሊስ በኑዛዜ በተወው ገንዘብ በታቦር ተራራ አጠገብ የካዱሪ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ይስሐቅ ራቢን የተማረው እዚያ ነው። ሳቢኽ ላይ የምናደርገው ቢጫ አምባም ከሕንድ በባግዳድ በኩል የመጣ ነው። ቃሉ ከኛ የተራራ አምባ ጋር አይገናኝም፣ በማራቲ ቋንቋ ማንጎ ማለት ነው። ማንጎውን በሆምጣጤ አድርጎ በበርሜል ወደ ባግዳድ መላክ የጀመረው የሳሶን ቤት ነው ይባላል።

ቃላቱም እንዲሁ ናቸው። ፒጃማ፣ ሻምፖ፣ ካኪ ከሕንድ ወደ እንግሊዝኛ ገብተው ከዚያ ወደ ዓለም የወጡ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም እንላቸዋለን። በቤታችን ደግሞ እናቶቻችን ሻይ ይላሉ፣ ልጆች ቴ ይላሉ። ሁለቱም ቃላት ቻይንኛ ናቸው። ሻይ የሚለው በየብስ በፋርስ በኩል፣ ቴ የሚለው ከአሞይ ወደብ በመርከብ ሄደ። አሞይ በ1842 ከተከፈቱት አምስት ወደቦች አንዷ ናት።

ታዲያ ዳዊድ ሳሶንን እንዴት እናስታውሰው? በማህበራችን ስንወያይ አንድ አልሆንንም። ግማሾቻችን ሆስፒታሉንና ትምህርት ቤቱን አነሣን፣ ግማሾቻችን በቻይና የፈረሰውን ቤት አነሣን። የተስማማነው በዚህ ነው፤ የሰውን ሕይወት ስንተርክ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ እንጻፍ። ሐውልት የሚያሳየው የተሰጠውን ብቻ ነው፣ የተወሰደውን የሚናገር ሰው ነው። ሰንበትን የጠበቀ፣ ጽዳቃ የሰጠ፣ ልብሱንና ፊደሉን ያልጣለ ሰው፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ እኛም ሥራ ስንመርጥ የሚጠብቀን ነው።

ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው አኑ ሙዚየም ብትሄዱ ብራናውን ታያላችሁ። ብራና ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚጻፍበት ከኛ ቄሶች የተሻለ የሚያስረዳ ስለሌለ እነሱንም ጋብዙ። ስሙ ከየት እንደመጣ ልጆቹ ቢጠይቁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።